መዝገቡ ተዘግቷል

በአገራችን ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል። ይህችን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በለቅሶ ቤት፣ በቡና ላይ፣ በዕድር ስብሰባ ስሰማት ኖሬአለሁ። አስተውላችሁ እንደሆነ ከቃሏ በኋላ የሚከተለው ሁልጊዜ ወቀሳ ነው። «አያድርገኝ» ያለው ሰው ወዲያው ሲያደርገው ታገኙታላችሁ። እኔ ግን ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ተናጋሪው ጨዋነት አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የሞተ ሰው በወንጀል ሲታማ፣ ሲብስም በደብዳቤና በማኅተም ሲወነጀል፣ የቀረው ቤተ ሰብ ወዴት ሄዶ አቤት ይበል? ይህ ጥያቄ ቤታችን ከገባ አራት ዓመት አልፎታል።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የአንድ መጋዘን ቁልፍ ይዞ ኖረ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ታመመና ሁለት ወር ሳይሞላው ዐረፈ። ከቀብሩ በኋላ ኮሚቴ ተቋቁሞ መጋዘኑ ተቆጠረ። ከቤተ ሰቡ ማንም አልተጠራም፤ ቆጠራ መኖሩንም የነገረን የለም። ቀጥሎ ጉድለት ተገኘ ተባለ፤ ጎማ፣ ባትሪ፣ የማተሚያ ቀለም፣ ወረቀት። ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው በአርባው ዕለት ነው። ጠበሉን ቀምሶ የወጣ አንድ የሥራ ባልደረባው በር ላይ ላገኘው ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ጀመረ።

የግምጃ ቤት ሥራ ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ በመካከሉ የሚፈልገው ክፍል በሞዴል 20 ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ ነገሩ እንዲህ ንጹሕ ነው። በሥራ ላይ ግን አለቃ ስልክ ይደውላል። «መኪናው መንገድ ላይ ቆሟልና አንድ ጎማ ስጠው፤ ወረቀቱ ነገ ይመጣል» ይላል። ነገ ይመጣል የተባለው ወረቀት አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይረሳል። የግምጃ ቤት ሠራተኛ በሕይወት እስካለ ድረስ ወረቀቱን እየዞረ ይለምናል፣ ይጨቃጨቃል፣ ያስፈርማል። የሞተ ቀን ግን ያልተፈረመው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆጠራል።

አጎቴ ይህን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ በኪሱ የሚይዛት ማስታወሻ ደብተር ነበረችው። ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የወሰደው ሰው ስም፣ ወረቀቱ ከመጣ የአረንጓዴ እስክሪብቶ ምልክት። ምልክት የሌላቸው መስመሮች ብዙ ናቸው። ደብተሯ ዛሬ በእኛ እጅ ናት። አጎቴ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም፤ እኔ በመጋዘኑ አልነበርኩም። ደብተሯም ራሱ የጻፋት ናት፤ ለራሱ ሲል ጽፏታል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ይህን «ይኖራል» የሚለውን አንሥቶ፣ በደብተሯ ላይ ስማቸው የተጻፈውን ሰዎች ጠርቶ፣ «ወስዳችኋል ወይስ አልወሰዳችሁም?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ማስረጃ ጠፍቶብን አይደለም የተቸገርነው። የሚቀበለን አጥተን ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለፖሊስ አመልክቶ መዝገብ ተከፍቶ ነበር። አያቴ ይህን ስትሰማ ፈራች ብለን ጠበቅን፤ እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ «ውሰዱኝ» አለች። የአጎቴ ባለቤት፣ እሷና እኔ ሆነን ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄድን። ሰውየው ትሑት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ መዝገቡን አውጥቶ አየና እንዲህ ሆነ፤

«እናቴ፣ ተጠርጣሪው በመሞቱ መዝገቡ ተዘግቷል።»

«ተዘግቷል ማለት ነጻ ወጣ ማለት ነው?»

«አይደለም እናቴ።»

«ጥፋተኛ ሆነ ማለት ነው እንግዲያ?»

«ኧረ እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ያው… ሞቷል ማለት ነው።»

«እሱንማ እኔው ቀብሬዋለሁ'ኮ» አለች።

ሰውየው መልስ አልነበረውም፤ በሥራው ግን አልተሳሳተም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 39 የሚለው ይኸንኑ ነው፤ የተወነጀለው ሰው ከሞተ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ይዘጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቅጣት ለሕያው ነው። የሞተውን አታስረው፣ አትቀጣው፤ ራሱን ሊከላከልም አይችልም። ሕጉ ሟችን ከፍርድ አዳነው። የዳነው ግን ከፍርድ ብቻ ነው፤ ከሐሜት አይደለም።

የዶርም ጓደኛዬ የሕግ ተማሪ ነው። አንድ ማታ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩትና «ስም በማጥፋት እንክሰሳቸው» አልኩት። መጽሐፉን ገለጠልኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና በቁጥር 1 ላይ ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ እስኪሞት ድረስ ነው ይላል። ስም ስለ ማጥፋት የሚናገረው ቁጥር 2044 ደግሞ የሚጠብቀው በሕይወት ያለን ሰው ስም ነው። «በሕይወት ያለ» የሚለውን ቃል በጣቱ አሳየኝ። ቀጠለና የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 አነበበልኝ፤ በክርክሩ ጥቅም ወይም መብት ያለው ሰው ካልሆነ ከሳሽ ሊሆን አይችልም። «እናንተን ሌቦች ናችሁ ያላችሁ ካለ በራሳችሁ ስም ክሰሱ። የአጎትህን ስም ግን አልወረሳችሁትም» አለኝ።

«ምን ወረስን እንግዲህ?» ብለው፣ ገጽ ገልጦ ቁጥር 826ን አሳየኝ። በሟች ሞት የማይቋረጡት መብትና ግዴታዎቹ ወደ ወራሾቹ ያልፋሉ። ዕዳ በዚህ ውስጥ ነው። ከተወው ንብረት ላይ ይጠየቃል፤ ወራሾቹም ይከሰሱበታል።

እንግዲህ ነገሩን እንዲህ ብዬ ተረዳሁት። አጎቴ ሰርቋል የተባለው ዕቃ ዋጋ ከወራሾቹ ሊጠየቅ ይችላል። አልሰረቀም ማለት ግን የማንም መብት አይደለም። ዕዳው ይወረሳል፤ ስሙ አይወረስም። የአገሬ ሰው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲል የኖረው፣ ሕጉ ግን ስሙን ከሬሳው ጋር ቀብሮታል።

ጓደኛዬ መጽሐፉን ሲዘጋ አንድ ነገር ጨመረ። «አንድ በር ብቻ አለላችሁ፤ እነሱ እናንተን ከከሰሱ ነው። ገንዘቡን ከጠየቋችሁ ተከሳሽ ሆናችሁ ትቀርባላችሁ። ያኔ ደብተሩን ታቀርባላችሁ፣ ምስክር ትጠራላችሁ፣ ሞዴሎቹ ይቅረቡልን ትላላችሁ። ዳኛው ጉድለቱን ማን እንዳመጣው ሳያጣራ ክፈሉ ሊላችሁ አይችልም።»

በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ «ለሟች ወራሾች» የሚል ደብዳቤ መጣ። የጎደለው ዕቃ ዋጋ በሠላሳ ቀን ውስጥ ገቢ ካልሆነ በሕግ እንጠይቃለን ይላል። የአጎቴ ባለቤት አለቀሰች። አያቴ ግን ጓደኛዬ ያለውን ነግሬአት ስለነበር እልል ልትል ምንም አልቀራት። ክስ እንዲመጣባት ስለት የምትሳል አሮጊት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎች መጡ፤ ሦስቱም ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ ለእኛ የሚያስቡ። «ቁርጡ ይነገርና ቀነስ ተደርጎ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ይከፈል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል» አሉ። አያቴ ሁሉንም እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና፣ «ከከፈልን ሰርቋል ብለን ፈረምን ማለት ነው። የምቆጥረው ገንዘቡን አይደለም። እባካችሁ ሄዳችሁ ክሰሱን በሏቸው» አለች።

አልከሰሱም። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ደብዳቤ ደረሰ፤ የሟችን የረጅም ጊዜ አገልግሎትና የቤተ ሰቡን ችግር ከግምት በማስገባት ጉዳዩ በዝምታ እንዲታለፍ ተወስኗል የሚል። ከእሱ ጋር ሲጠየቅ የከረመው ክሊራንስ ተያይዟል፤ የመጨረሻው ደመወዝና ያልወሰደው ዕረፍት ክፍያ የታገደው በእሱ ነበር። ባለቤቱ ፈርማ ተቀበለች። ሦስት ልጆች አሏት፤ የቤት ኪራይም ነበረባት፤ ማንም ሊፈርድባት አይገባም። አያቴ ግን ለብዙ ሳምንት አላናገረቻትም። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው «ማሩልን'ኮ» ብለው ሲመጡም እንዲህ መለሰች፤ «ምሕረት ለበደለ ነው። ልጄ መች ተፈርዶበት ነው የሚማሩት?»

በእኔ ግምት ከመጀመሪያው ክስ ይልቅ የጎዳን ይህ ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው «ሰርቋል» ብሎ ለመከራከር በር ከፍቶ ነበር። ሁለተኛው «ሰርቋል፤ ግን ትተንላችኋል» ብሎ በሩን ዘጋ። ደግነት ስለሆነም ይግባኝ አይባልበትም።

ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ የታሪክ ትምህርት አስታወሰኝ። ዣን ዳርክ እ.ኤ.አ. በ1431 ሩዋን ከተማ ላይ በእሳት ስትቃጠል እናቷ ኢዛቤል ሮሜ በሕይወት ነበረች። ይህች የገጠር ሴት እ.ኤ.አ. በ1455 ፓሪስ ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ገብታ የልጇ ፍርድ እንደገና እንዲታይ አቤት አለች። በሚቀጥለው ዓመት፣ ልጇ ከተቃጠለች ከ25 ዓመት በኋላ፣ ፍርዱ ተሻረ። ልብ በሉ፤ ዣን ዳርክ ተፈርዶባት ስለ ነበር የሚሻር ነገር ነበረ። እንደ አጎቴ ሳይፈረድበት የሞተ ግን ምኑ ይሻርለታል? የተፈረደበት ይግባኝ አለው፤ ያልተፈረደበት የለውም። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«እንግዲያው ሟች ይዳኝ» የሚል ካለ ደግሞ ሌላውን ታሪክ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ897 ሮም ላይ ጳጳስ እስጢፋኖስ 6ኛ ከእሳቸው በፊት የነበሩትን የጳጳስ ፎርሞሱስን አስከሬን ከመቃብር አስወጥተው፣ ልብሰ ጵጵስና አልብሰው፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ከሰሱት። ስለ ሬሳው አንድ ዲያቆን መልስ እንዲሰጥ ቆመ። ተፈረደበት፤ አስከሬኑም ቲበር ወንዝ ተጣለ። ይህ የሩቅ ዘመን እብደት ነው እንዳትሉ የቅርቡ አለ። የሩሲያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ መልካም ውሳኔ ሰጠ፤ የሟች መዝገብ ያለ ቅርብ ዘመዶቹ ፈቃድ አይዘጋም፤ ስሙን ማጥራት ከፈለጉ ጉዳዩ ይታይላቸው አለ። የአያቴ ጥያቄ የተመለሰ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በእስር ላይ የሞተው ሰርጌይ ማግኒትስኪ፣ ይህንኑ ውሳኔ ተገን አድርጎ፣ ቤተ ሰቡ አንፈልግም እያለ ተከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞስኮ ላይ በባዶ ወንበር ጥፋተኛ ተባለ። ለዘመድ የተከፈተው በር ለመንግሥት አገለገለ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ንጹሕ ሆኖ የመገመትን መብት ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ያው ፍርድ ቤት ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንሳዊው ላጋርዴር ጉዳይም፣ አባትን ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ብሎ ልጁን ማስከፈል አይገባም ብሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሳይዳኙ የተወነጀሉ ሙታን ብርቅ አይደሉም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ጥፋታቸው በማግሥቱ በሬዲዮ ተነገረ። በቀይ ሽብር ዘመን በየመንገዱ የወደቀ ሬሳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ክስም ፍርድም ነበር። ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከልክለው፣ አቤት ማለት ቀርቶ ልጃቸው መሆኑን መናገር የፈሩበት ጊዜ ነው። ለእነዚህ ቤተ ሰቦች ትንሽ በር የተከፈተው በ1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ሲጀመርና በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲባሉ ነው። በዚያ ችሎት ሟቾቹ አልተከሰሱም። የተጠየቀው ወንጃዩ ነው። ሙታኑ በተበዳይነት ስማቸው ተጠራ፤ ዘመዶቻቸውም ቆመው መሰከሩ።

የእኔም ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ሟች አይከሰስ፤ ወንጃዩ ግን ይጠየቅ። አንድ መሥሪያ ቤት የሞተ ሠራተኛውን በጽሑፍ ወንጀለኛ ካለ፣ የቅርብ ዘመድ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ያስረዳ፣ አለዚያ ቃሉን ያንሣ» ለማለት ይቻለው። ጥያቄውን የማንሣት መብት የዘመድ ብቻ ይሁን እንጂ የዐቃቤ ሕግ አይሁን፤ ማስረጃውም ቢጎድል ፍርድ ቤቱ «አልተረጋገጠም» ይበል እንጂ በሟች ላይ አይፍረድ። መጋዘኑ ሲቆጠር ከወራሾች አንድ ሰው ይገኝ። መዝገብ ሲዘጋም «በሞት ምክንያት ተዘግቷል» ከሚለው ቀጥሎ «ጥፋተኝነቱ አልተረጋገጠም» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። ከነጭራሹ ያልተከሰሰ ሰው ከዚህ በታች ሊቆጠር አይገባም። ለዚህ መስመር የሚያስፈልገው አንድ እስክሪብቶ ነው።

የታሪክ ተማሪ ነኝና በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አላጣሁትም። ዘመድ ሁሉ ስለ ሟቹ ስም መክሰስ ከቻለ ታሪክ ማን ይጽፋል? የገዳዮችም ልጆች ልጆች ናቸው፤ የአባታቸው ስም ሲነሣ እነሱም ይከፋቸዋል። ነገሩ እውነት ነው። ስለዚህ መብቱ ጠባብ ይሁን እላለሁ፤ ለቅርብ ዘመድ ብቻ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ፣ በታሪክ ጸሐፊ ላይ ሳይሆን ሟቹን ቀጥሮ ያሠራ ወይም ሥልጣን ያለው አካል በጻፈው የወንጀል ቃል ላይ ብቻ። ታሪክ ጸሐፊ ቢያንስ ምንጩን ያሳያል። ያ ደብዳቤ ግን ያሳየን ማኅተሙን ነው።

ሰው በመንገድ ላይ ሲበደል «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ በደለኛውም በዚህ ቃል ይቆም ነበር። ሟች ይህን ቃል ሊል አይችልም። የሕግ ተማሪ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ በልምምድ ችሎታችሁ በየዓመቱ የምትከራከሩበትን ጉዳይ ከውጭ መጽሐፍ ስትፈልጉ እናያለን። ይህንን ውሰዱት። አንዳችሁ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንዳችሁ ለአያቴ ቁሙ። ብትረታም ግድ የላትም፤ ሰምቶ የሚወስን ሰው ማየት ነው የምትፈልገው። ሰማንያ ዓመት አልፏታልና ግን ብትፈጥኑ ጥሩ ነው።

ደብተሯ በሳጥኗ ውስጥ ናት። አርባ ሁለት ገጽ ናት፤ አንብቦ ለመጨረስ አንድ ከሰዓት ይበቃል።